የሀኒፋ አፎሻ

ሀኒፋና ዙህራ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ለማያውቃቸው ሰው መማል ያስፈልግ ነበር። ሀኒፋ ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ ሳቋ ይቀድማታል፤ ዙህራ ሰላምታዋን እንኳ መዝና ነው የምትሰጠው። ታላቂቱ ጨርቁን በዓይኗ ገርመም አድርጋ መቀሱን ስታሳርፍበት ልኩን አይስትም። ታናሺቱ ለክታ፣ ደግማ ለክታ፣ ቆርጣ ስታበቃ ትጸጸታለች። አባታቸው ሐጂ አብዱላሂ «አንዷ ነፋሴ፣ አንዷ መሬቴ» ይሏቸው ነበር።

ዓርብ ማለዳ ነፋሲቱ ሀኒፋ በጭሮ ከተማ ከአስፋልቱ ዳር በምትገኘው የስፌት ቤቷ ጓዳ ሞታ ተገኘች። ቀትር ላይ መሬቲቱ በፖሊስ ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር።

ኢንስፔክተር ኢንሳፍ ጓዳው ደጃፍ ላይ ቆማ ውስጡን አየች። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስፖንጅ ተለጥፎበታል፤ ሀኒፋ የልብስ ስፌት ኮርስ እየቀረጸች በቴሌግራም ትሸጥ በነበረበት ዘመን የመንገዱ ጩኸት እንዳይገባ የተሠራ ነው። ሟቿ ከወንበሯ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ጋደም ብላለች፤ የበዓል ሻርፗን ለብሳለች፤ አንዳች ቁስል የለባትም። ስልኳ ከአጠገቧ ተቀምጧል።

«ሐኪሙ ጭስ ነው ይላል» አለ ሳጅን ታደሰ። «ትናንት መብራት ጠፍቶ ነበር። ጄኔሬተሩ ከጓዳው ኋላ ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ቆሟል፤ ነዳጁም አልቋል። የአላህ ቁጣ ነው እንጂ የሰው እጅ አይመስለኝም።»

«የመተላለፊያዋን የጭስ መውጫ መስኮት አየሃት?»

«ስፖንጅ ተጠቅጥቆባታል።»

«ከየት በኩል?»

ታደሰ ዞሮ ሄደ፤ ሲመለስ ፊቱ ተለውጦ ነበር። «ከውጭ በኩል ነው፣ ኢንስፔክተር።»

«እንግዲያው የአላህን ስም እዚህ ውስጥ አታግባ።»

ኢንሳፍ ተንበረከከች። ታደሰ በአክብሮት ሳይነካው ያለፈውን ሻርፕ ገለጥ አደረገች። ከአገጭ በታች፣ በእጥፋቱ ውስጥ፣ ከአዝራር ብዙም የማትበልጥ ገመድ አልባ ማይክ ተሰክታለች። ኢንስፔክተሯ ማይኳን በፌስታል ከትታ ኪሷ ውስጥ አኖረቻት። ከዚያ ስልኩን ተመለከተች። ሐሙስ አመሻሽ ላይ በቴሌግራም ለሀኒፋ የስፌት ማኅበር የተላለፈ የመጨረሻ መልእክት አለ፤ እንዲህ ይላል፦ «ተማሪዎቼ፣ ዛሬ መብራት ስለጠፋ ትምህርቱ ቀርቷል። ይቅርታ።»

ሐጂ አብዱላሂ ከቀብር መልስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ከልጃቸው ወንበር ራቅ ብለው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ነበር። ኢንሳፍ ስትቀርባቸው አንገታቸውን ሳያዞሩ ተናገሩ።

«ሐሙስ ቀን እህቷን ‹ገደል ግቢ› ስትላት በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰፈሩም ሰምቷል። ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። አንዷን ቀብሬያለሁ። ይህችኛዋን ልቅበራት ወይስ ልቀበላት?»

ኢንሳፍ ለሐዘንተኛ የማታውቀውን ነገር መንገር አትወድም። «ትንሽ ይታገሱኝ፣ ሐጂ» አለቻቸውና ወደ ዙህራ ሄደች።

«ከእህትሽ ጋር ምን አጣላሽ?»

«አፎሻዋ።»

የሀረርጌ ሰው አፎሻ ሲል በቀብርና በችግር የሚደራረስበትን ማኅበር ማለቱ ነው። ኢንሳፍ ግን ይህኛው የስፌት ጉዳይ መሆኑን ሰምታለች።

«ስሙን ማን አወጣው?»

«ከአባሎቹ አንዷ፣ የሚኤሶዋ ሙሚና ናት። ሀኒፋ ድሮ ኮርስ ትሸጥ ነበር፤ ሰው ይከፍላል፣ ቪዲዮውን ይወስዳል፣ በዚያው ይጠፋል። አንድ ቀን ቦርደዴ ሄዳ ኮርሶቿን በሙሉ የገዛች ሴት አገኘች። ሴትዮዋ አንድ ክንድ ጨርቅ እንኳ ቆርጣ አታውቅም፤ ‹ብሳሳት ማን ያርመኛል ብዬ ፈራሁ› አለቻት። ሀኒፋ ያን ቀን አልቅሳ መጣች። ከዚያ ኮርሱን ትታ ማኅበሩን ጀመረች። በየወሩ ያዋጣሉ፣ በየሳምንቱ ሐሙስ አመሻሽ በስልክ ይገናኛሉ፣ የአንዷን ስፌት ሌላዋ ታርማለች። ሙሚና ‹ይህማ አፎሻ ነው!› አለች፤ ስሙ ቀረ።»

«ታዲያ አንቺን ምን አናደደሽ?»

«እኔ ሳምንቱን ሙሉ ታምሜ ስተኛ ብቅ አላለችም፤ የሚኤሶ ሴት ዚፕ ጠመመብኝ ብላ ስትደውል ግን ምሳዋን ጥላ ትነሳለች! ‹ከነአፎሻሽ ገደል ግቢ› አልኳት። ብያለሁ፣ አልክድም።»

«አንቺስ አባል ነሽ?»

«ነኝ እንጂ። ከፍዬ ካልገባሁ እህቴን መቼ አገኛታለሁ?» አለችና ሳቅ የሚመስል ነገር ከደረቷ ወጣ። ወዲያው ወደ ልቅሶ ተለወጠ። «መልእክቱ ሲመጣ ገርሞኝ ነበር። አፎሻው ውስጥ ጽፋ አታውቅም። የቆላዎቹ ሴቶች ብዙዎቹ የአማርኛ ፊደል አያነቡም፤ ሁሌ በድምፅ ነው የምትልክልን። ተቀይማኝ ይሆናል፣ ድምፄን አትስማ ብላ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ብሄድ ኖሮ እኮ...»

ኢንሳፍ ትከሻዋን ያዝ አደረገቻትና ወጣች።

ከስፌት ቤቱ ጎን ያለው ጨርቅ ሻጭ ስምዖን ይባላል፤ አባቱ ከደቡብ መጥተው ጭሮ የከተሙ ነጋዴ ነበሩ። ሬሳውንም መጀመሪያ ያየው እሱ ነው።

«ጄኔሬተሩ ያንተ ነው አሉ።»

«የእኔ ነው። ቁልፉ ይኸው ከመንጠቆው ላይ፤ ጎረቤት ሁሉ ያነሳል፣ እኔም አልጠይቅም። ሐሙስ ሲነሳ ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ማን እንዳስነሳው ግን ዞር ብዬ አላየሁም። ብቻዬን ሱቄ ውስጥ ነበርኩ።»

«ከሀኒፋ ጋር ሰላም ነበራችሁ?»

«ነጋዴ ነኝ፣ ኢንስፔክተር፤ ሰው ሞቶ ግን አልዋሽም። ተቀይሜያት ነበር። በኮርሱ ጊዜ እያንዳንዱ ደንበኛዋ ጨርቁን ከእኔ ይገዛ ነበር። ይህ ማኅበር የሚሉት ከመጣ ወዲህ ደንበኞቿ ይሰበሰቡና ጣቃ ሙሉ በአንድነት ከድሬዳዋ ያስጭናሉ። ‹ደንበኞችሽን ወሰድሽብኝ› ስላት ‹ና አንተም አባል ሁን፣ መርፌ መያዝ አስተምርሃለሁ› ብላ ሳቀችብኝ።» ስምዖን ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ያቺ ሳቅ ነገ ከጎረቤት አትሰማም ማለት ነው?»

ኢርሻድ የሐጂ አብዱላሂ ወንድም ልጅ ነው። አባቱ ሲሞት ከሀኒፋና ከዙህራ ጋር ከአንድ ገበታ እየበላ አደገ። ኢንሳፍ ሐዘኑ ቤት ስትደርስ ለለቀስተኛ ወንበር ሲደረድር አገኘችው። ዓይኑ አብጧል፤ ልቅሶው የውሸት አልነበረም።

«አቦ ኢንስፔክተር፣ እኔን ልትጠይቂኝ ነው? አብሬያት እኮ ነው ያደግኩት!»

«ለዚያ ነው የምጠይቅህ። ሥራችሁ ምን ነበር?»

«ኮርሱ የእኔ ልፋት ነው። የቀረጽኩት እኔ፣ የቆራረጥኩት እኔ፣ የሸጥኩት እኔ። ተማሪዎቹን ከየአገሩ የሰበሰብኳቸው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ተነስታ ‹ኮርስ ሰውን ወንዝ አፋፍ አድርሶ መመለስ ነው፤ እኔ አሻግራለሁ› አለችኝ። ተማሪ ይማራል፣ ይሄዳል፤ ከተማሪ ጋር ዕድሜ ልክ የሚኖር አስተማሪ የት አየሽ?»

«ተጣላችሁ?»

«ወላሂ አልተጣላንም። ካሜራዬን ሻንጣ ውስጥ ቆልፌ ተቀመጥኩ፤ ካሜራው ከቤት አልወጣም። ጓዳዋንም ከዚያ ወዲህ አልረገጥኩም።»

ኢንሳፍ አመስግናው ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ የአፎሻውን የድምፅ መልእክቶች ከፈተች። የሀኒፋ ድምፅ ረቡዕ ዕለት እንዲህ ይላል፦ «አፎሻዬ፣ እንዴት አመሻችሁ! ነገ ስጦታ አለኝ። የድሮዎቹን ኮርሶች አንድም ሳይቀር እከፍትላችኋለሁ፤ በነፃ። የሚገዛ አይኖርም፣ የሚሸጥም አይኖርም።» ቀጥሎ ያለው የዓርብ ነው፤ የሙሚና ድምፅ። «ሀኒፋ ኮ፣ ሀኒፋዬ፣ ትናንት የጻፍሽውን ልጄ ነው ያነበበልኝ። ምነው ድምፅሽ ጠፋ? አመመሽ እንዴ? የቀሚሴን አንገት ጨረስኩት፣ እይልኝ...»

ኢንሳፍ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ታደሰን ጠርታ የኢርሻድን ሻንጣ በትእዛዝ እንዲያስከፍት፣ ኮርሶቹንም ማን እየሸጣቸው እንደሆነ እንዲያጣራ ላከችው።

በተዕዚያው፣ በሐዘን መቀመጡ፣ የመጨረሻ ቀን፣ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ፣ በሐጂ አብዱላሂ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ቤተ ዘመድ ተሰበሰበ። ስምዖን በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ዙህራን ታደሰ አመጣት፤ አባቷ ቀና ብለው አላዩአትም። ኢርሻድ ለእንግዶች ውሃ ሲያዞር «ተቀመጥ» አለችው ኢንሳፍ።

«ሀኒፋን የገደላት ሰው ጭሱ ሥራውን እስኪጨርስ ማንም እንዳይደርስባት ፈልጓል። አፎሻ ውስጥ የቀረ ሰው ይጠየቃል፤ ሀኒፋ በሰዓቷ ባትገኝ ሃያ ስልክ ይደወል፣ ከጭሮም አንዷ እየሮጠች ትመጣ ነበር። ስለዚህ በስልኳ ትምህርቱ ቀርቷል ብሎ ጻፈ። ጻፈ ነው የምላችሁ። እሷ አፎሻዋን በድምፅ እንጂ በጽሑፍ አናግራ አታውቅም።»

«ዙህራ ይህን ታውቃለች፤ አባል ናት። ሟቿን ልምሰል ብትል ድምፅዋን ማስመሰል ባትችል እንኳ ዝም ትል ነበር እንጂ አትጽፍም። ጽሑፉ ከማኅበሩ ውጪ ካለ ሰው የመጣ ነው።»

ስምዖን ተቁነጠነጠ። «እኔስ ከውጭ ነኝ እኮ፣ ኢንስፔክተር!»

«ነህ። አንተ ግን ስለ እነዚያ ሴቶች ስታወራ አንድ ጊዜ እንኳ ከ‹ደንበኛ› ሌላ ቃል ከአፍህ አልወጣም፤ ነጋዴ ነህ። ዙህራ ተናዳም ቢሆን ‹አፎሻ› ትላለች። ሀኒፋ ራሷ ‹አፎሻዬ› ነበር የምትላቸው። መልእክቱ ግን ‹ተማሪዎቼ› ይላል። የሀኒፋ ዘመን ተለውጦ ቃሏ ሲለወጥ፣ አንድ ሰው ብቻ ከድሮው ቃል ጋር ቀርቷል።»

ማንም ወደ ኢርሻድ ለማየት አልደፈረም።

«ቃል ብቻ ይዛችሁ ሰው ልትከሱ ነው?» አለ ኢርሻድ፤ ድምፁ ቀጠነ።

ኢንሳፍ ከኪሷ ፌስታሏን አውጥታ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች። «ይህች ከሻርፗ ውስጥ የወጣች ናት። ከአፎሻው ጋር ስትገናኝ ስልኳን ይዛ ደጃፏ ላይ ነው የምትቀመጠው፤ ማይክ አትሰካም። ማይክ የሚሰካው ለካሜራ ነው። ታደሰ ሻንጣህን አስከፍቶ ከካሜራህ ጋር ሞክሯታል፤ አገናኛት። ካሜራው ከቤት አልወጣም ብለሃል፤ እሷ ታዲያ በማን ፊት ተቀምጣ ነበር? ኮርሶቹንም አዳማ ላለ ሰው ‹የእኔ ናቸው› ብለህ በምስጢር ሸጠሃቸዋል። ሐሙስ በነፃ ስትከፍታቸው ጉድህ ይወጣ ነበር። ‹ለድሮ ተማሪዎቼ አንድ የስንብት ቪዲዮ ስሪልኝ› አልካት። አልጨከነችብህም፤ የበዓል ሻርፗን ለብሳ መጣች። ስልኳን ተቀበልካት፤ ጄኔሬተሩን ልይ ብለህ ወጥተህ መስኮቷን በስፖንጅ ጠቀጠቅካት። ተመልሰህ ስልኳን ከአጠገቧ አስቀምጠህ ካሜራውን ስታነሳ ጭሱ አስቸኩሎህ፣ በሻርፗ እጥፋት ውስጥ ያለችውን ረሳሃት።»

ኢርሻድ ጉልበቱን አቅፎ ጎንበስ አለ።

«‹ስትጀምሪ አታቋርጪ፣ እኔ እስክመጣ አትነሺ› አልኳት። ታዘዘችኝ። ሁልጊዜ ትታዘዘኝ ነበር... ሳትነሳ ቀረች።»

ዙህራ ጩኸቷን በሁለት እጇ አፈነች። ታደሰ ኢርሻድን አስነሣው። ከዘመዶቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ «ሐጂ፣ ነገሩ ከቤት አይውጣ፤ ልጁም የእርስዎ ነው። ሽማግሌ ይቀመጥና...» ብሎ ጀመረ።

ሐጂ አብዱላሂ እጃቸውን አነሡ። በጉልበታቸው ተደግፈው ቆሙ፤ ወደ ዙህራም ሄደው አጠገቧ ቆሙ።

«ስሙኝ፣ ዘመዶቼ። ሽማግሌ አልቀበልም። ከዚህ ቤት አንድ ሰው ስለ እርቅ ቢያወራ ከእኔ ጋር ዳግመኛ አይበላም፤ የሚፈርድበት ዳኛ ነው። ግን ይህን ልጅ ወንድሜ ሲሞት በእጄ ላይ ነው ያስቀመጠልኝ። እስር ቤት ስንቅ የሚያመላልስለት እኔ ነኝ። የሰጠሁትን ቢበላ ይብላ፣ ባይበላ ለውሻ ይጣል፤ እኔ ግን እስክሞት ድረስ እወስዳለሁ። ማንም አያስቆመኝ፣ ማንም አይሸኘኝ።»

ከዚያም የዙህራን ክንድ ያዙ።

«አንቺ ግን ነይ፣ ልጄ። ጀርባዬን የሰጠሁሽ ይበቃል።»