አባባ ስም ሲጠሩ

ጅን ቁርኣን ላይ ስላለ አልክድም፣ ነገር ግን አገሬው ማንኪያ በጠፋው ቁጥር በጅን ሲያሳብብ ሳቄን መቆጣጠር የሚያቅተኝ ሰው ነኝ፣ ወልዲያ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፣ ተማሪዎቼም «ቲቸር ሉባባ ካላየች አታምንም» እያሉ ያሙኛል፣ እና አሁን የማጫውታችሁን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ «ቅዠት ነው፣ ውሃ ጠጣበት» ብዬ ነበር የምሸኘው። ግን አየሁ፣ እማዬም አብራኝ አይታለች።

አባባ እህል ነጋዴ ነበሩ፣ ከጦርነቱ በፊት በስኳር በሽታ ነው የሞቱት፣ አልጋቸው ላይ፣ ሁላችንም አጠገባቸው ሆነን፣ ስለዚህ በሞታቸው ምንም ምስጢር የለም። አንዲት ነጭ ፔጆ ነበረቻቸው፣ በየዓመቱ ለአረፋ እማዬን፣ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ሰይድን ጭነው ግራና ከተማ፣ እህታቸው ቤት ይወስዱን ነበር። ዘመድ ከጅዳ ያመጣላቸውን ቪዲዮ ካሜራ ከኋላ ወንበር ሆኜ የምይዘው እኔ ነበርኩ፣ እመኑኝ፣ እንደ እኔ ያለ መጥፎ ካሜራማን የለም፣ ፊልሙ ላይ በብዛት የሚታየው የአባባ ማጅራትና ነጭ ኮፍያቸው ነው፣ አልፎ አልፎ የሲሪንቃ ማሳ፣ የመርሳ ፍራፍሬ ሻጮች።

መኪና ከማስነሳታቸው በፊት አንድ ልማድ ነበራቸው። «ሰው አይቆጠርም፣ የተቆጠረ ይጎድላል» ይሉ ስለነበር ሁላችን መግባታችንን የሚያረጋግጡት በስም እየጠሩ ነው፣ እኛም በየተራ እንመልሳለን፣ ያልመለሰ ካለ ፔጆዋ ንቅንቅ አትልም። «ዘይነባ?» «አለሁ።» «ሰይድ?» «አለሁ አባባ!» «ሉባባ?» «አለሁ!» ከዚያ «ቢስሚላህ» ብለው ቁልፉን ያዞራሉ። ሰይድ ካደገ በኋላ ካሴቱን ላፕቶፔ ላይ አስገልብጦልኝ ስለነበር ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ አውቀዋለሁ።

ጦርነቱ ወደ ወልዲያ ሲቃረብ ወጣት ወንድ ቀድሞ ይውጣ ተባለ፣ ሰይድም በእግሩ ወደ ግራና፣ አክስታችን እቴቴ ከድጃ ዘንድ ሄደ፣ እኔና እማዬ ቤት ጠባቂ ሆነን ቀረን። ከተማው ተያዘ፣ መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ሰይድ ይድረስ መንገድ ይቅር የሚነግረን አጣን። እማዬ እህል በአፏ አልዞር አላት፣ በሩ ኮሽ ባለ ቁጥር «ሰይድ?» ትላለች።

አንድ ቀን የከሰዓቱን የአስር ሶላት ሰግዳ ስትጨርስ «ሉባባ፣ እስኪ ልጄን አሳዪኝ» አለችኝ። ጎረቤታችን ሼህ ሙሄ በሶላራቸው ትንሽ ቻርጅ አድርገውልኝ ስለነበር መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድኩና ላፕቶፑን ከፈትኩት።

ፊልሙ እንደወትሮው ጀመረ። «ዘይነባ?» አሉ አባባ፣ ፊልም ውስጥ ያለችው እማዬ «አለሁ» አለች፣ አጠገቤ ያለችውም ሳታስበው «አለሁ» አለች፣ ተያይተን ሳቅን፣ ወላሂ ከስንት ጊዜ በኋላ የሳቅነው ያኔ ነው።

«ሰይድ?» አሉ።

ዝም።

ፊልሙ የቆመ መስሎኝ ነበር፣ ግን አልቆመም፣ ስፔኪዮው ላይ የተንጠለጠለው መቁጠሪያ ይወዛወዛል፣ አንዲት ዝንብ መሪው ላይ ትሄዳለች። «ሰይድ?» አሉ ደግመው፣ ጠንከር አድርገው። የሚመልስ የለም። አባባ እጃቸውን ሰደው ስፔኪዮውን አስተካከሉና በመስታወቱ ውስጥ አዩኝ፣ ካሜራ የያዘችውን ልጅ አይደለም የምላችሁ፣ ፍራሽ ላይ የተቀመጥኩትን እኔን። ይህ ፊልሙ ላይ ኖሮ አያውቅም።

«ሉባባ፣ ወንድምሽ የት አለ?»

ላፕቶፑን መዝጋት ሲገባኝ አልዘጋሁትም። እማዬ ክንዴን ጨምድዳ «ንገሪያቸው እንጂ! ልጄን ጥለውት ሊሄዱ ነው፣ ንገሪያቸው!» አለች። እኔም፣ ካላየሁ የማላምነዋ፣ በልጅነት አንደበቴ «ግራና ነው አባባ፣ እቴቴ ከድጃ ቤት» አልኩ።

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «ቢስሚላህ» አሉ፣ የእኔን ስም ሳይጠሩ ቁልፉን አዞሩ። ወዲያው ባትሪው አለቀና ስክሪኑ ጠቆረ። የሞተሩ ድምፅ ግን አልጠፋም፣ ከላፕቶፑ አይደለም፣ ከደጃችን ነበር የሚመጣው፣ ትንሽ ቆየና ወደ ግራና በሚወስደው በመርሳ መውጫ በኩል እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ያን ሰሞን ሰፈራችን ውስጥ ጠብታ ነዳጅ ያለው ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ሼህ ሙሄ «ትናንት በመኪና የመጣባችሁ ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ሙት ሲጠራ ዝም ይባላል እንጂ ሕያው ያለበት ይነገራል?» አሉኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ምን ላድርግ።

መንገድ ሲከፈት ግራና ሄድን። እቴቴ ከድጃ ገና እማዬን ስታይ አለቀሰች። «ደርሶ ነበር፣ ደህናም ነበር» አለችን፣ «አንድ ቀን ከአስር በኋላ ደጅ መኪና ቆመ፣ ሰው በስሙ ጠራው፣ ‹አለሁ› ብሎ ጫማውን በቅጡ ሳያስር ወጣ። ድምፁ የሟች ወንድሜን ድምፅ ስለመሰለኝ፣ ያ ረቢ፣ ማነው እንኳ ሳልል ቀረሁ። ብቅ ስል ነጭ መኪና አቧራ ውስጥ ሲገባ አየሁ።» በዚያው ሌሊት ከባድ መሣሪያ ቤቷ ላይ ወድቆ ኖሯል፣ ሰይድ ይተኛበት የነበረውን ክፍል አሳየችን፣ ጣሪያም ግድግዳም የለውም። ከዚያ ወዲህ ወንድሜን ያየ የለም፣ ሬሳም አልተገኘም።

ሼህ ሙሄ ሬሳው ለሌለ ሙት የሚሰገደው ሶላተል ጋይብ ይሰገድበት፣ እርማችሁን አውጡ ቢሉ እማዬ እምቢ አለች። እምቢ ያለችው ፊልሙ ላይ ስለሚመልስ ነው። «ሰይድ?» ሲሉት «አለሁ አባባ» ይላል፣ በሕፃን ድምፅ አይደለም፣ ሲለየን በነበረው ጎርናና ድምፁ። እማዬ በየቀኑ ከአስር በኋላ ትከፍተዋለች፣ «ይኸው አለ፣ ላለ ሰው ይሰገዳል?» ትለኛለች። ወንድሜን ከዚያ ክፍል አውጥቼው ይሁን አሳልፌ ሰጥቼው አላውቅም።

ከሰይድ ቀጥሎ የሚጠራው ደግሞ የእኔ ስም ነው። ስለዚህ ቤት ካለሁ፣ ሰይድ እንደመለሰ ላፕቶፑን እዘጋዋለሁ፣ እማዬም ትቆጣኛለች።

ትናንት የተማሪ ፈተና ሳርም አመሸሁ። ስገባ እማዬ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፣ ፊቷ ፈክቷል።

«አባትሽ ደጋግመው ጠሩሽ» አለችኝ፣ «ዝም ስትያቸው ጊዜ በመስታወቱ አዩኝ። አብሽሪ፣ ትምህርት ቤት ናት ብያቸዋለሁ።»

ዛሬ ትምህርት ቤት አልሄድኩም።