ከአጉላዕ በኋላ ያለው ዳገት

ሀፊሳ ፍሬን ያዘች። መምህር ኣስመላሽ እንደገና ቆመዋል።

አንድ እግራቸውን አስፋልቱ ላይ አሳርፈው፣ ግንባራቸውን የብስክሌቱ መሪ ላይ ደፍተው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። ከፊት፣ ኩርባው ላይ፣ የብስክሌት ክለቡ ቢጫ ማልያዎች አንድ በአንድ እየተሰወሩ ነው። የመጨረሻዋ የሀፊሳ ጓደኛ ሉላ ነበረች። ዞር ብላ እጇን አወዛወዘችና እሷም ጠፋች። ከኋላ ደግሞ አጃቢው ኢሱዙ ፍጥነቱን ቀንሶ ቆመ።

«መጣሁ፣ መጣሁ» አሉ መምህሩ ቀና ሳይሉ።

ሀፊሳ ከሄልሜቷ ስር ሻሿን አስተካክላ ፀሐይዋን አየች። ውቅሮን ገና ማለፋቸው ነው። መቐለ ሩቅ ነው።

ጠዋት ከአዲግራት ሲነሱ ነገሩ እንዲህ ይሆናል ብላ አላሰበችም ነበር። ክለቡ ይህን ጉዞ ሲያዘጋጅ መንዳት የሚችል ሰው ሁሉ ይጋበዛል፤ ተማሪም፣ ነርስም፣ ነጋዴም። ብስክሌቶቹ በዋዜማው በመኪና አዲግራት ይደርሱና በማግስቱ መቐለ ድረስ ይነዳሉ። ከክለቡ ታዳጊዎች ዳገት ላይ ሀፊሳን የሚቀድም የለም። ስለዚህም ለአባቷ፣ «ከተማ ስንገባ ከሁሉም ፊት የምታየው እኔን ነው» ብላ ቃል ገብታለት ነበር።

አባቷ ኸድር እሷ ሳትወለድ ከወሎ መጥቶ መቐለ፣ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ነው። ብስክሌት መንዳት ስትጀምር ብዙ አኩርፎ ነበር። ኋላ ላይ ኩርፊያውን ቢተውም፣ ውድድሮቿ ከገበያ ቀን ጋር ስለሚገጥሙ ስትነዳ አንድም ጊዜ አይቷት አያውቅም። ዛሬ ግን ሱቁን ዘግቶ ጉዞው የሚያበቃበት የመቐለው ሐውልት፣ ሓወልቲ ጋ ሊጠብቃት ተስማምቷል።

አሰልጣኝ ገላነሽ ቡድኑን ስትደለድል ሀፊሳን ኋላ ጠባቂ አደረገቻት። ኋላ ጠባቂ ማለት ከሁሉም ከሚዘገየው ሰው ጀርባ የሚነዳ ነው። ማንንም ትቶ አይሄድም። የደከመ ሰው ካለም መኪና ላይ ይውጣ ብሎ የሚወስነው እሱ ነው።

«ለምን እኔ?» ብላ ጠየቀች ሀፊሳ።

«ዳገት ላይ ትንፋሽ የሚተርፍሽ አንቺ ስለሆንሽ ነዋ» አለቻት አሰልጣኟ፤ ወደ ሌሎቹም ዞረች።

ሉላ ጠጋ ብላ፣ «አቦ አታካብጂው፤ ፊቱን እኔ እይዝልሻለሁ» ብላ ሳቀች። ሀፊሳ አልሳቀችም። ይባስ ብሎ ከሁሉም የዘገዩት የሒሳብ መምህሯ ሆኑ። መምህር ኣስመላሽ ክፍል ውስጥ አይቆጡም። ሰሌዳ ላይ የተሳሳተ ተማሪ እንዳለ እጃቸውን አጣጥፈው ዝም ብለው ይጠብቃሉ፤ ያ ዝምታ ነው የሚያስፈራው። ሀፊሳ ጠመኔ እንደያዘች ስንት ጊዜ በዚያ ዝምታ ውስጥ ቆማለች። ዛሬ ደግሞ እሷ ትጠብቃቸዋለች። እዳጋ ሓሙስ ላይ ጠበቀቻቸው፤ ነጋሽ ላይ ሌሎቹ ከጥላው ተነስተው ሲሄዱ ጠበቀቻቸው።

አጉላዕ ሲደርሱ ቡድኑ ሙዙን በልቶ፣ ውሃውን ጠጥቶ ለመነሳት ተዘጋጅቷል። አሰልጣኝ ገላነሽ ሀፊሳን ለብቻዋ ጠራቻት። ሓወልቲ ሰው እየጠበቀ ስለሆነ የፊቶቹ እንደሚቀጥሉ፣ እስከ ኩሓ ያለው ዳገት የቀኑ ከባዱ መሆኑን፣ ሳይመሽ እንደማይወጡት ካየች መምህሩን መኪና ላይ እንድታስወጣቸው ነገረቻት። ውሳኔው ያንቺ ነው አለቻትና ብስክሌቷ ላይ ወጣች።

ዳገቱ ገና ሲጀምር መምህሩ ወርደው መግፋት ጀመሩ። ኢሱዙው ቀስ ብሎ ሀፊሳ አጠገብ ደረሰ። ሾፌሩ ኣያ ጎደፋ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ አንድ ቃል ብቻ በይኝ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ እጭናቸዋለሁ። አንቺ ኩሓ ሳይገቡ ትደርሺባቸዋለሽ።»

እውነቱን ነበር። እግሮቿ ቀኑን ሙሉ ታስረው እንደዋሉ ናቸው፤ ብትለቃቸው ሉላን አልፋ ፊት ትይዛለች። አባቷን አሰበች፤ ሰው መሀል ተንጠራርቶ ቢጫ ማልያ ሲፈልግ። «መምህር፣ እየመሸ ነው፣ መኪናው ይሻላል» ልትል ቃሉን አዘጋጅታ ወደፊት ነዳች።

መምህሩ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አፏን ሳትከፍት ቀደሟት።

«ሀፊሳ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ኩሓ እደርሳለሁ?»

አጠያየቃቸው የመምህር አልነበረም። ሀፊሳ ከብስክሌቷ ወርዳ ያዘጋጀችውን ቃል አለሳለሰችው።

«መኪና ላይ መውጣት ነውር የለውም፣ መምህር።»

«ነውርስ የለውም» አሉና ወደ መጡበት አቅጣጫ አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ነገሯት። በጦርነቱ ጊዜ ይህን መንገድ ከአዲግራት በእግራቸው ነው የመጡት፤ ከእናታቸው ጋር። መኪና በሰሙ ቁጥር ከአስፋልቱ ወርደው እየተደበቁ። እናታቸው እዚህ ዳገት ላይ ጫማቸው ተበጥሶ በባዶ እግራቸው ወጡት። «አንድ ቀን እንኳ በመሀል አስፋልት፣ በብስክሌት፣ እየሳቅሁ ላልፍበት ብዬ ነበር» አሉ። «እስካሁን ግን ሳቁ አልመጣም።»

መቐለ ውስጥ የዚያ ጊዜ ነገር ሲነሳ ዝርዝር የሚጠይቅ የለም። ሀፊሳም አልጠየቀችም። ጎንበስ ብላ የብስክሌታቸውን ማርሽ አየች።

«እንደ እስካሁኑ ከሆነ አይደርሱም» አለች። «ሜዳው ላይ ይቸኩላሉ፤ ማርሽ የሚያቀልሉት ደግሞ እግርዎ ካለቀ በኋላ ነው። አሁኑኑ እናቅልለው። ከእኔ ጎማ ኋላ ይሁኑ፤ ሽቅብ አያዩም፣ ጎማዬን ብቻ ነው የሚያዩት። እኔ ሳልልዎትም አይቆሙም።»

የመጨረሻውን ከተናገረች በኋላ መምህሯን እያዘዘች መሆኗ ትዝ ብሏት ደነገጠች። እሳቸው ግን «እሺ» ብለው ተነሱ።

ኣያ ጎደፋ መስኮቱ ላይ ሆኖ እየጠበቀ ነበር። ሀፊሳ ራሷን በአሉታ ነቀነቀችለት። እሱም ማርሽ አስገባ።

ሀፊሳ በሕይወቷ እንዲህ ቀስ ብላ ነድታ አታውቅም። ትንሽ ብትቀንስ ትወድቃለች፤ ትንሽ ብትጨምር መምህሩ ይቀራሉ። ከጀርባዋ ትንፋሻቸውን ታዳምጣለች። ሲበዛ ትቀንሳለች፣ ሲረጋጋ ትይዛለች። ማይ መኽደንን እንዳለፉ ትንፋሹ መቆራረጥ ሲጀምር፣ ስለ እግራቸው እንዳያስቡ ወሬ ፈለገችና ያገኘችው ሒሳብ ብቻ ነበር።

«መምህር፣ ያቺ ባለፈው ሰሌዳ ላይ ያቃተችኝ ጥያቄ ላይ፣ ኤክስን ወደየት ነበር የማሻግራት?»

«ወደ… ግራ» አሉ በግማሽ ትንፋሽ። «ስትሻገር… ምልክቷን…»

«ምልክቷን ምን?»

«ሀፊሳ፣ አሁን… እኔ ራሴ… መሻገር አቅቶኛል» አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው። ብስክሌቱ እስኪንገዳገድ ሳቁ። አንድ የጭነት መኪና ክላክስ እያሰማ አለፋቸው፤ እነሱ አሁንም በመሀል አስፋልት እየሳቁ ነበር። ሀፊሳ እሷም እየሳቀች ወደ ዳር እንዲወጡ በእጇ አመለከተቻቸው።

ኩሓ ሲደርሱ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ተቃርባለች። መምህሩ ከብስክሌታቸው ወርደው ቆሙ። እግራቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሆኖም አልተቀመጡም። የወጡትን መንገድ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ሀፊሳ ብዙ ዳገት በአንደኝነት ወጥታለች። ይህን ግን አህያ እንኳ ሊቀድማቸው በሚችል ፍጥነት ነው የወጡት። ቢሆንም ደረቷ ሞልቶ፣ ያገኘችውን ሰው ሁሉ አስቁማ «እዩዋቸው» ማለት አማራት።

ስልኳን አውጥታ አባቷ ጋ ደወለች።

«ልጆቹ ገቡ እኮ» አላት። «ፊት ፊቱን ብፈልግሽ አጣሁሽ። ወደቅሽ እንዴ?»

አለመውደቋን፣ ኋላ ጠባቂ መሆኗን፣ ከመምህሯ ጋር እየመጣች እንደሆነ ነገረችው። 

«እንግዲያ ቀስ ብላችሁ ኑ» አለ ኸድር። «ሱቁን ዘግቼ መጥቻለሁ፤ ወዴት እሄዳለሁ።»

ቁልቁለቱን ወረዱ። በእንዳ ኢየሱስ በኩል ከግቢያቸው የወጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መንገድ ዳር ቆመው አጨበጨቡላቸው። ታች ከተማው መብራቱን እያበራ ነበር። ቁልቁለት ላይ መምህሩ ፈሪ አልነበሩም፤ ሀፊሳ እየተከተለች ፍሬን ይያዙ ትላቸው ነበር።

ሓወልቲ ሲደርሱ የጠበቀው ሕዝብ ተበትኗል። የቀሩት አሰልጣኝ ገላነሽ፣ ጥቂት ቢጫ ማልያዎችና ኸድር ናቸው። ሉላ ሮጣ መጥታ የሀፊሳን ብስክሌት ያዘችላት። አሰልጣኟ የሀፊሳን ሄልሜት በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ኣያ ጎደፋ በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «መኪናዬ ባዶዋን ገባች» አለ፤ ብስክሌቱን የነዳው ራሱ እንጂ እነሱ እንዳልሆኑ ሁሉ በኩራት።

መምህሩ እያነከሱ ወደ ኸድር ሄደው ጨበጡት።

«ልጅዎን የማስተምራት እኔ ነኝ» አሉት። «ዛሬ ግን እዚህ ያደረሰችኝ እሷ ናት።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ኸድር። እጃቸውን ቶሎ አልለቀቀም። ከዚያ ወደ ልጁ መጥቶ አቧራ የለበሰ ፊቷን በሽርጡ ጫፍ ጠረገላት። የሚለው ነገር ያለ ይመስላል፤ ግን አፈረ።

«ምነው አባዬ?»

«ስትነጂ እኮ አላየሁሽም» አላት። «ስትደርሺ ነው ያየሁሽ።»

ሀፊሳ መንገዱን አየችው። በአንድ በኩል ወደ ቀዳማይ ወያነ፣ ወደ ቤታቸው፣ ቁልቁል ይወርዳል። በሌላው በኩል ሽቅብ ይወጣል፤ በዚህ ሰዓት መኪና የለበትም። አባቷ በእጁ ቁልቁሉን አሳያት፤ ደክሟታል፣ ቀላሉን ትንዳ ብሎ ይሆናል። ሀፊሳ ብስክሌቷን ከሉላ ተቀበለችና እግሮቿን አዳመጠች። ቀኑን ሙሉ ያስቀመጠችው ጉልበት ሁሉ አሁንም እዚያው አለ።

«እዚሁ ቁም፣ አባዬ» አለችው፤ የፊት ጎማዋንም ወደ ዳገቱ አዞረች።