መሀሉ ባዶ የሆነው ፓሌት

ፓሌቱ ዝናብ ላይ እንደቆመ ወደ ውስጥ ሰመጠ።

ሐምሌ ነው፤ ደብረ ማርቆስ፣ የገበሬዎች ዩኒየን መጋዘን ግቢ። ጫኞቹ በእንጨት ርብራቡ ላይ የተከመረውን ጭነት የጠቀለለውን ላስቲክ ቢቀድዱት ዙሪያው የዱቄት ከረጢት፣ መሀሉ ባዶ።

ሳጅን እንዳላማው ሲደርስ ሌባው ተይዞ ጠበቀው። በገመድ ታስሮ ጭቃ ላይ ተቀምጧል። ባዘዘው ይባላል፤ ፓሌት እየዞረ በእጁ ላስቲክ የሚጠቀልል የደብረ ኤልያስ ሰው።

«አንተ ነህ የጠቀለልከው?»

«ሁሉንም የምጠቀልል እኔ ነኝ። ይቺን ግን አላውቃትም።»

«ልጁን እንደሚክድ አባት!» አለ የመጋዘን ኃላፊው ድረስ። ጫኞቹ ሳቁ። «ሳጅን፣ ትልቁ ማሽን ይገዛ ብዬ ስጮኽ ከርሜያለሁ። ፓሌቱን ራሱ አሽከርክሮ ይጠቀልላል፤ የሰው እጅ አይነካውም። የዩኒየኑ ኮሚቴ ግን ባዘዘው የሚገፋትን ትንሿን የእጅ መጠቅለያ ይሻላል አለ። ይኸው እጁ!»

የፖሊስ ጣቢያው አለቃ «ሌባው ተይዟል፤ ፈርመህ ና» ብሎ ነበር እንዳላማውን የላከው። አለቃው ትናንት የመጣ ልጅ ነው፤ ማዕረጉን በዲፕሎማ ከእንዳላማው አፍ ላይ ነጥቆ የወሰደ። እንዳላማው ላለመፈረም ምክንያት ቢፈልግ አይፈረድበትም።

«መጋዘን የሚገባ ማን ማን ነው?»

«ባዘዘው፣ እኔና ዘበኛው» አለ ድረስ።

የዘበኛው የወልደ ሩፋኤል ጫማ በዱቄት ነጥቷል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ዱቄት ነዋ! የዱቄት መጋዘን እየጠበቅሁ ኑግ ይፍሰስብኝ?»

እንዳላማው ከረጢቶቹን ዳሰሰ። ርሰዋል። አጠገቡ በዚያው ዝናብ ያደሩት የባዘዘው ፓሌቶች ግን ደረቅ ናቸው። ጎንበስ ብሎ ላስቲኩን አየ። ደረቆቹ ከታች ተጀምረው ሽቅብ ተጠቅልለዋል፤ የላይኛው ዙር የታችኛውን ይጋርደዋል፣ ውሃው ይንሸራተታል። የሣር ቤት የከደነ ሁሉ እጁ እንዲህ ነው የሚሄደው። ባዶው ግን ከላይ ቁልቁል ነው የተጠቀለለው።

ላስቲኩን ለዘበኛው ሰጠው። የዲማ ገበሬ የነበረው ዘበኛ ሳይነግሩት ከታች ጀመረ።

«እርስዎስ፣ አቶ ድረስ? ከባድ ሥራ ነው መሰለኝ።»

«ይኼ ደግሞ ሥራ ሆኖ ነው?» የማርቆስ ከተማ ልጅ የሆነው ድረስ ከት ብሎ ሳቀ። ላስቲኩን ተቀብሎ ከአናቱ ጀመረ፤ ቁልቁል ወረደ።

እንዳላማው እጁን ዘረጋ።

«የመጋዘኑን ቁልፍ ያምጡ።»

የጎደለው ዱቄት ከዚያው አልወጣም። ከማዳበሪያው ክምር ጀርባ በሸራ ተሸፍኖ ተገኘ። ድረስ ከረጢት ላይ ዝርፍጥ አለ።

«አልሰረቅሁም! ማሽን ሻጩ ትልቁን ካስገዛህልኝ ልጅህን አዲስ አበባ እቀጥርልሃለሁ አለኝ። ልጄ ተመርቆ ቤት ከዋለ ስንት ጊዜው! የእጅ ጥቅል እንደማይታመን ኮሚቴው እንዲያይ ብዬ ነው።»

«በሰው አንገት?»

«ባዘዘው መሬት አለው… አገሩ ገብቶ ያርሳል ብዬ።»

«መሬቴን ለወንድሞቼ ትቼ ነው የመጣሁት» አለ ባዘዘው ከጭቃው ላይ።

ድረስ ታሰረ። ኮሚቴውም እንደገና ተሰበሰበ። «አንዴ ጥርጣሬ ከገባ የሰው እጅ ይቅር» አሉና ትልቁን ማሽን ገዙ።

ከወራት በኋላ እንዳላማው ሥራውን ያጣውን ባዘዘውን ይጁቤ ገበያ አገኘው። በኪራይ የሰው ጆንያ ተሸክሟል።

«ጋሼ ባዘዘው፣ እንደምን ሰነበቱ?»

ባዘዘው ጆንያውን አስተካከለ።

«ያኔ ጭቃ ላይ ‹አንተ› ነበርኩ» አለና አለፈው።