ያልታረደው አውራ ዶሮ

ናልዎጋ ካዎያን ያገኘችው ማሻገሪያው ጥሏት በሄደ ቀን ነው። እሱንም ጥሎት ነበር።

ማሻገሪያው ሰውና መኪና ጭኖ በናሉባሌ ሐይቅ ላይ ወደ ቡናሙሊ ደሴት የሚመላለስ አሮጌ ጀልባ ነው። ጠባዩ እንደ አኩራፊ አማት ነው፤ ሲያሻው ይመጣል፣ ሳያሻው ይቀራል፣ ለምን የሚለው የለም። ናልዎጋ ዳር ላይ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ የተጠበሰ ቆሮሶ ስትበላ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ወጣት መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አላት።

«ኧረ አይደለም። አንዳንዴ ጭራሽ አይመጣም።»

ሳቀ። ጀልባዎቹን ከሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ተልኮ መምጣቱን ነገራት። «ያስላከችኝ ይቺ የደሴቱ የፓርላማ ተወካይ ናት። ማሻገሪያው፣ ማሻገሪያው እያለች ሚኒስትሩን እንቅልፍ ነሥታዋለች። ጯሂ ናት ይላሉ።»

«ትጮሃለች» አለች ናልዎጋ የዓሣዋን እሾህ እየለቀመች። «እኔም ሰምቻታለሁ።»

ማንነቷን ያወቀው ጀልባው ተመልሶ መጥቶ ሲሳፈሩ ነው። ማቶኬ የሚሉትን የሚቀቀል አረንጓዴ ሙዝ የተሸከሙ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው፣ ተንበርክከው «ክብርት፣ እንዴት ዋልሽ?» ሲሏት ካዎያ የሚገባበት ጠፋው። ደሴቱ እስኪደርሱ ውሃውን እንጂ እሷን አላየም። ሲወርዱ ግን ሻንጣዋን ከእጇ ተቀብሎ፣ «ክብርት፣ አንድ ጊዜ ይጩሁብኝና ይውጣልኝ» አላት።

በኋላ ሰዎች ሲጠይቋት የወደድኩት በጨዋነቱ ነው ትል ነበር። ውሸቷን ነው። የወደደችው ያኔ፣ በዚያች ንግግሩ ነው።

ሁለቱም የሚሠሩት ዋናው ከተማ ውስጥ ነበርና መገናኘት አልቸገራቸውም። ከምክር ቤቱ ጀርባ ካለች ምግብ ቤት ምሳ ይበላሉ፤ እሷ ታወራለች፣ እሱ ያያታል። ዝም ብሎ ሲያያት የምትናገረው ይጠፋታል። በምክር ቤቱ ግን እሷን ቃል ያሳጣት ሰው ገና አልተወለደም።

የካዎያ ሥራ ግን ለሚኒስትሩ የምክር ቤት መልስ ማርቀቅ ነበር። እሷ ትጠይቃለች፤ እሱ መልሱን ይጽፋል። ይህን እየተሳሳቁበት ከረሙ። አንድ ቀን ግን ሳቁ ቀረ።

«ነገ ስለ ማሻገሪያው ትጠይቂያለሽ አይደል?» አላት ምሳውን ሳይነካ።

«እጠይቃለሁ። አንዱ ሞተር ከሞተ ስንት ዘመኑ! በአንድ ሞተር ነው ሰው የሚያሻግሩት።»

«ተጠግኗል ብለህ ጻፍ ተብያለሁ። ሞተሩ ተገዝቷል፣ ወደብ ላይ ነው፤ በቅርቡ ይገጠማል። ናልዎጋ፣ ሌላ ጥያቄ ካስከተልሽ ነገሩ እኔው ላይ ይወድቃል። ትውውቃችን ደግሞ ቅዳሜ ነው። ሥራ አጥ ሆኜ አባትሽ ግቢ ልግባ?»

በባጋንዳ ሕዝብ ዘንድ የትውውቅ ቀን ቀልድ አይደለም፤ ሙሽራው ወገኖቹን አስከትሎ ከሴቲቱ ቤተሰብ ግቢ የሚታይበት፣ ለወንድሟም አውራ ዶሮ የሚሰጥበት ቀን ነው። ወንድም ዶሮውን ተቀብሎ አርዶ ከበላ እኅቱን ሰጠ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም።

«ለዚህች አንድ ጊዜ ብቻ» አለችው።

በማግሥቱ ሚኒስትሩ ተነሥቶ ማሻገሪያው ሙሉ በሙሉ መጠገኑን አነበበ። አፈ ጉባኤው ወደ እሷ ዞሮ፣ «ክብርት፣ ተከታይ ጥያቄ አለዎት?» አላት። ናልዎጋ ቆመች። ካዎያ ከባለሥልጣናቱ ወንበር ጀርባ ሆኖ ጣቶቹን ያያል።

«የለኝም። ሚኒስትሩን አመሰግናለሁ» ብላ ተቀመጠች።

ቅዳሜ ጠዋት ደሴቱ ላይ በአባቷ ግቢ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ማቶኬው በቅጠል ተሸፍኖ እየበሰለ፣ አክስቷ ኤሬሲ የሙሽራ ቀሚሷን፣ የጎሜሲዋን፣ መቀነት እያሰረችላት ሳለ፣ የወንድሟን የሉቦዋን ሚስት ቴዎፒስታን ያለ ቀኑ ምጥ ያዛት። አዋላጇ አይታት ፊቷ ተለዋወጠ። «እዚህ አይሆንም። ማዶ ሆስፒታል መድረስ አለባት» አለች።

«ማሻገሪያው ሙሽራውን ይዞ እየመጣ ነው። አራግፎ ይወስዳታል» አለ ሉቦዋ፤ ሚስቱንም በቃሬዛ አስይዞ ወደ ወደቡ ወረደ።

ጀልባው ይታይ ነበር። ሰውን ያታለለው ይኸው ነው። ከወደቡ ሆኖ ላየ ነጭ ረጅም ቀሚስ የለበሱት የሙሽራው ወገኖች አንድ በአንድ ይለያሉ። ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ከፍ ብሏል፤ ባለታንኳዎቹም፣ «በዚህ ማዕበል በታንኳ ከምናወጣት እሱን እንጠብቅ፤ ይኸው መጣ እኮ» አሉ። ይኸው መጣ፣ ይኸው መጣ ሲባል ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። አንዱ ሞተር ቆሞ ነበር፤ ሌላው ቀድሞውንም የለም።

ቴዎፒስታ እዚያው ወደቡ ላይ፣ በዓሣ መመዘኛው ዳስ በተጋረደ መጋረጃ ውስጥ ወለደች። ሕፃኑ አላለቀሰም።

ናልዎጋ በሙሽራ ልብሷ መጋረጃው ደጃፍ ቆማለች። ማልቀስ እንደሚገባት ታውቃለች፤ አልመጣላትም። የምታስበው ስለ ማቶኬው ነበር፤ ይህ ሁሉ ምግብ ለለቅሶተኛ ይበቃ ይሆን ብላ። ደረቷን ነካ አደረገችው። የሌላ ሰው ደረት መሰላት።

ዓሣ አጥማጆች ማሻገሪያውን በገመድ ጎትተው ያደረሱት አመሻሽ ላይ ነው። ካዎያ ምንም አልሰማም። ዶሮውን ታቅፎ በእፎይታ እየሳቀ ወረደና ሉቦዋን ወደቡ ላይ ቆሞ አየው። ሊቀበለን ወረደ ብሎ አሰበ። ተንበርክኮ ዶሮውን በሁለት እጁ ዘረጋለት።

«አማቼ፣ አስጠበቅንህ፤ ይቅር በለን።»

ሉቦዋ ዶሮውን አየው። እጁ ሲሰጡት የመቀበል ልማድ ስላለው ተቀበለ።

«አልተቀበልኩህም» አለው ቀስ ብሎ። «አስቀምጥልሃለሁ።»

ካዎያ ዞሮ ናልዎጋን አየ። እሷም አየችው። መጋረጃው ምን እንደሆነ፣ ከውስጡ የሚሰማው የሴቶች ለቅሶም ለምን እንደሆነ ያስረዳው ዓይኗ ነው። ሁለቱም ምን እንዳደረጉ ከእነሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

በሚቀጥለው የምክር ቤት ስብሰባ ናልዎጋ ተነሣች። ድምጿ ከፍ አላለም፤ ጯሂ የሚሏት ሁሉ ለመስማት አንገታቸውን አሰገጉ።

«ባለፈው ሚኒስትሩን አመስግኜ ነበር። ምስጋናዬን መልሼ ወስጃለሁ። መልሱ ሐሰት መሆኑን አውቅ ነበር። ሊያገባኝ ለነበረው ሰው ብዬ ዝም አልኩ፤ የወንድሜ ልጅም ሞተ። አሁን ተከታይ ጥያቄ አለኝ። ማነው ተጠግኗል ብለህ ጻፍ ያለው?»

ሚኒስትሩ ተንተባተበ። የመለሰው ካዎያ ነው። አጣሪ ኮሚቴው ፊት ቀርቦ ማን እንዳዘዘው፣ እሱም እያወቀ መጻፉን ሳያስቀር ተናገረ። ሚኒስትሩ ወረደ፤ ካዎያም ከሥራው ተባረረ። ሁለተኛው ሞተር ተገጠመ። የደሴቱ ሰዎች ናልዎጋን ያመሰግኗት ነበር፤ ምስጋናው በጆሮዋ ይገባል እንጂ አይወርድም። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትጠይቃለች። ወንድሟ ቤት ስታድር ማንጎው ሥር የታሰረው ዶሮ ማለዳ ይጮሃል። ሉቦዋ አያርደውም፣ አይሰጠውም፣ አይሸጠውም። ጥሬ ግን በየቀኑ ይሰጠዋል።

የዝናቡ ወራት አልፎ እሷ ደሴቱ ላይ በነበረች አንድ እሑድ ማሻገሪያው በሰዓቱ መጣ፤ ካዎያም ብቻውን ወረደ። ጫማው አቧራ ለብሷል። የወንድሟ ግቢ በር ላይ ተንበረከከ።

ሉቦዋ ከመቀመጫው ሳይነሣ፣ «ዶሮህን ልትወስድ ነው ወይስ ልትሰጠኝ?» አለው።

«እንዳላችሁኝ። ውሰድ ካላችሁኝ ይዤው እሄዳለሁ፤ ዳግመኛም አታዩኝም።»

ሉቦዋ እኅቱን አያት። ናልዎጋ አፏን ከፈተች፤ ቃል አልወጣትም። ካዎያ እንደ ድሮው ዝም ብሎ እያያት ነበር።

ቴዎፒስታ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከማድ ቤት ወጣች።

«አልማርኩህም» አለችው ካዎያን። «እሷንም አልማርኳትም፤ ታውቀዋለች። ግን ይህ ዶሮ ማለዳ በጮኸ ቁጥር ያን ቀን ይቀሰቅስብኛል። ይዘኸው ብትሄድም የትም ሆኖ የሚጮህ ነው የሚመስለኝ።» ወደ ባሏ ዞረች። «እረደው። ውሃ ጥጃለሁ።»

ሉቦዋ ተነሣ፤ ገመዱን ፈታ።

ናልዎጋ በሚፈላው ውሃ የተነከረውን ዶሮ ጭኗ ላይ አድርጋ ላባውን ትነጭ ጀመር። ካዎያ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ቅረብ ያለው የለም፣ ሂድ ያለውም የለም። እርጥቡ ላባ ጣቶቿ ላይ ተጣበቀ። አራገፈችው፤ አልወርድ አላት። ያኔ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ያልመጣው ለቅሶ መጣ፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ፣ እንደ ልጅ፣ ጮክ ብላ አለቀሰች።

ቴዎፒስታ አጠገቧ በርከክ ብላ ከሌላው ወገን መንጨት ጀመረች።

«በርቺ፣ ጨርሺው» አለቻት። «ውሃው ሳይበርድ።»