የሐሙስ ኩባያ

ናዕማ የቲባጉን ክር በጣቷ እንደያዘች ጆሮዋን ወደ ጓሮ አቀናች። እናቷ ፈውዚያ ለመግሪብ ውዱእ እያደረገች ነው፤ ውሃው ሲንጠባጠብ ይሰማል። እንደ ሌላው ሐሙስ ቢሆን ናዕማ እስካሁን ሻዩን ሠርታ፣ ከድና፣ ሹልክ ብላ ደጅ ወጥታ ነበር። ዛሬ ግን እግሯ እምቢ አላት።

ፊቷ ያለው ኩባያ የአባቷ ነው። ሙሀመድአወል የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር፣ እንደ ሰው በማንቆርቆሪያ የተፈላ የቅመም ሻይ አይወድም ነበር። ከፔርሙስና ከቲባግ ጋር ያላመደው መንገድ ነው። «ውሃው የፈላ ይሁን! ለብ ያለ እንዳታመጪብኝ» ይላት ነበር። ከዚያ ክሩን በኩባያው ጆሮ ጠምጥሞ በሳህን ይከድነው ነበር። «አትነካኪው፤ ቀለሙን ራሱ ይልቀቅ። አትጭመቂው፣ ይመራል። ስኳር መጨረሻ ላይ ነው።» ባለፈው ክረምት ያው መንገድ በላው።

ነገሩ የተጀመረው በስህተት ነው። አንድ ሐሙስ ናዕማ ከትምህርት ቤት መጥታ፣ እጇ እንደለመደው በሱ ኩባያ ሻይ ሠርታ ከደነች። ጓደኛዋ ሉላ ከውጭ ስትጠራት ትታው ሄደች። ስትመለስ እናቷ ኩባያው ፊት ቁጭ ብላ ታለቅሳለች፤ ደግሞ ትስቃለች።

«ሙቀቱ ሳይለቀው ደረስኩ! አባትሽ መጥቶ ነበር!»

ፈውዚያ የወሎ ልጅ ናት፤ የሙታን ሩሕ ሐሙስ ማታ ቤቱን ሊያይ ይመጣል ሲባል ሰምታ ያደገች። ናዕማ «እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች። ግን እናቷ ያን ማታ ከስንት ጊዜ በኋላ እራት በላች። ታዲያ እንዴት ብላ ትናገር?

በሚቀጥለው ሐሙስም ሠራች። ከዚያም በኋላ እንዲሁ። ለሉላ ስትነግራት «አቦ አታካብጂ! ደስ ካላት ተያት» አለቻት። ለሉላ ቀላል ነው። አሁን አሁን ናዕማ ሳህኑን ስትከድን ከጀርባዋ ሰው የቆመ ይመስላታል፤ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታታል። መዞር ትፈራለች።

አሁን ደግሞ አጎቷ አቡዘር ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቤት አግኝቶላቸዋል። ቅዳሜ መኪና ይዞ ይመጣል። ከማረሚያ ቤት ጀርባ ያለው ይሄ ቤት ዝናብ ያስገባል፤ እናቷም ስትስል ነው የምታድረው። ትናንት ግን በስልክ ስትመልስለት ናዕማ ሰማች፦ «አልሄድም አቡዘር! መጥቶ ቢያጣንስ? በር ላይ ቆሞ ይቅር?»

የጓሮው ውሃ ቆመ። ፈውዚያ ፊቷ እንደራሰ ገባች። ኩባያውን አየች፤ ከናዕማ ጣት የተንጠለጠለውንም ቲባግ አየች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሻይ እየሠራሁ ነው፣ እማ። ሁልጊዜም እኔ ነኝ። አባ አይደለም።»

ውሃውን ቀዳች። እጇ ላይ ፈሰሰባት፤ አልጮኸችም። ክሩን ጠምጥማ ከደነች።

ፈውዚያ ኩባያው ፊት ቁጭ አለች። ናዕማ «ምነው በተቆጣችኝ» ብላ ተመኘች። ሳህኑን ልታነሳ እጇን ሰደደች።

«ተዪው» አለች እናቷ። «ገና ነው።»

ጠበቁ። ከዚያ ፈውዚያ ራሷ ሳህኑን አነሳች፤ ቲባጉን ሳትጨምቅ አወጣች፤ ስኳር ጨመረች። የሐሙሱን ሻይ እስከዛሬ ማንም ቀምሶት አያውቅም፤ ጠዋት ቀዝቅዞ ጓሮ ነበር የሚደፋው። አንዴ ፉት አለች።

«ቁርጥ የሱ» አለች። እንባዋ ወረደ። ኩባያውን ለናዕማ አቀበለቻት፤ እየተቀባበሉ ጨረሱት።

ናዕማ ኩባያውን አጥባ መደርደሪያው ላይ ልትመልሰው ስትል፣ እናቷን መሬት ላይ አሮጌ ጋዜጣ ዘርግታ አገኘቻት።

«ወዲህ አምጪው» አለች ፈውዚያ። «እንጠቅልለው፤ ቅዳሜ መኪናው ላይ እንዳይሰበር።»