በሌላ ሰው ዓይን ልክ

ሐሙስ ጠዋት ብሬንዳ ፐርክስ እንደ ወትሮዋ ቀድማ ተነስታ ሻይ አፈላች። ባሏ ኔቪል የሌሊት ልብሱን እንደለበሰ ወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ ተቀምጧል። በአንድ እጁ የተጠበሰ ዳቦ፣ በሌላው አሮጌውን ማነጣጠሪያ ይዞ ወደ ጎረቤት ግቢ ይመለከታል። ማነጣጠሪያው በአየር ጠመንጃ ላይ የሚታሰር፣ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ጥቁር ቱቦ ነው። የብሬንዳ አባት በጎልማሳነቱ ገዝቶት፣ ሲሞት ለኔቪል ትቶለት ነበር።

«የሃጊት ሴትዮ ድመት አጥሩ ላይ ወጥታለች። ጢሟን አንድ ባንድ መቁጠር ይቻላል» አላት።

«ጢሟን ተወውና ሻንጣዬን ከጣሪያ ሥር አውርድልኝ። ቅዳሜ ማነጣጠሪያውን ከሸጥክ እሁድ ዌልስ፣ ባሕር ዳር ነን።»

«እሺ እመቤቴ። ሌላስ ትዕዛዝ?»

«ልብስህን ልበስ።»

ብሬንዳ ፀጉሯን ልትሠራ ወጣች። ስትመለስ ኔቪል ሞቶ ከደረጃው ሥር ተዘርግቶ ነበር። ላይ፣ ልክ ደረጃው ጫፍ ላይ፣ ወደ ጣሪያው የሚያወጣው መሰላል እንደቆመ ነው። የመጡት ፖሊሶች ከመሰላሉ ወድቆ ደረጃውን ተንከባለለ አሉ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ «አንቺ ምን ታደርጊ» ይላታል። እሷ ግን የሚሰማት የራሷ ድምፅ ብቻ ነው፤ ሻንጣዬን አውርድልኝ።

በማግስቱ አንዲት መርማሪ መጣች። ሳጅን ሱክዊንደር ባጅዋ ትባላለች፤ አጭር፣ ወፍራም የዓይን መነጽር ያደረገች፣ ቸኩላ የማትናገር ሴት ናት። ፎቁን ወጥታ ወርዳ ከብሬንዳ ፊት ተቀመጠች።

«ሻንጣውን አልጋው ላይ ያስቀመጡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ከዚያ ወዲህ ፎቅ አልወጣሁም። ሶፋ ላይ ነው ያደርኩት። እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ያውቃሉ? እኔ ነኝ ውጣ ያልኩት።»

ሳጅኗ አላጽናናቻትም። ብሬንዳ በልቧ አመሰገነቻት። ባጅዋ ጓንቷን አጥልቃ መስኮቱ ሥር በቢጫ ጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ማነጣጠሪያ ፈታችው። የዓይን መነጽሯን አውልቃ አየችበት፤ መነጽሯን መልሳ አየችበት።

«ባለቤትዎ ሲያነጣጥር የዓይን መነጽሩን ያወልቅ ነበር?»

«ሁልጊዜ። ያለ መነጽር ከአፍንጫው ርቆ አያይም ነበር፣ እንደ እርስዎ መሰለኝ። ማነጣጠሪያውን ግን በዓይኑ በኩል ያለችውን ቀለበት አዙሮ ለራሱ ልክ ያደርገዋል። ሁሉም ተኳሽ እንደዚያ ነው። የሰው ዓይን እንደ ጫማ ነው፣ ለየራሱ ልክ አለው ይላሉ።»

«ትናንት ጠዋት ጥርት ብሎ ታይቶት ነበር?»

«የድመት ጢም ታይቶት ነበር» አለች ብሬንዳ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰችው ያኔ ነው።

ዕቃው እዚህ ቤት እንዳለ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሳጅኗ እዚያው ወጥ ቤት ውስጥ አንድ በአንድ አነጋገረቻቸው፤ ብሬንዳ ሻይ እየቀዳች ሰማች።

መጀመሪያ የመጣው ዴስመንድ ግሪቭስ፣ አሮጌ ማነጣጠሪያ እየገዛ የሚሸጥ፣ ከዓይን መነጽሩ ተለይቶ የማያውቅ ሰው ነው።

«ሰባት መቶ ፓውንድ ነበር የተስማማነው» አለ። «ዱሮ እኮ ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር። እነዚህ ጠመንጃዎች በጠንካራ ሞላ ነው የሚሠሩት። ሲተኮስ ወዲያም ወዲህም ይረግጣል፤ ማነጣጠሪያውን ከውስጥ ያፈርሰዋል። የተረፉት ጥቂት ናቸው።»

«ታዲያ ከዛሬዎቹ ይበልጣል?»

«ይበልጣል? አንዱ ርካሽ የዛሬ ዕቃ ያስከነዳዋል! የሚገዙኝ ሰዎች ያኔ የሱቅ መስኮት ላይ አፍንጫቸውን ለጥፈው የቀሩ ልጆች ናቸው። አሁን ጡረታ ወጥተዋል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ገንዘብ አላቸው። እኔ መስተዋት አልሸጥም ሳጅን። አሥራ ሁለት ዓመታቸውን ነው የምሸጥላቸው።»

«ሐሙስ የት ነበሩ?»

«ሱቄ። ቅዳሜ በእጄ ለሚገባ ዕቃ ሐሙስ ሰው ልግደል እንዴ?»

ሁለተኛዋ ግሌኒስ ሎው፣ የአየር ጠመንጃ ክበቡ ጸሐፊ፣ እጇ ሥራ የማይፈታ ሴት ናት። ገና ሳትቀመጥ የብሬንዳን ሳህኖች ማጠብ ጀመረች።

«ለክበቡ ሊሰጠን ቃል ገብቶ ነበር» አለች። «ከዚያ ሸጥኩት አለ። ተናድጄአለሁ፣ አልዋሽም። ንፉግ ብዬዋለሁ፣ በሰው ፊት። ይቅርታ ብሬንዳ።»

«ነግሮኛል» አለች ብሬንዳ። «ስቆብሻል።»

መጨረሻ ላይ ራልፍ ትራንተር መጣ፤ የብሬንዳ ታላቅ ወንድም። እህቱን አቅፎ ግንባሯን ሳማት። ሳጅኗ የሥራ መታወቂያዋን ስትሰጠው ክንዱን ዘርግቶ ከሩቅ አነበበው።

«የዓይን መነጽር አያደርጉም?»

«ክንዴ እስካላጠረ ድረስ አልገዛም!» አለና ሳቀ። ወዲያው ሐዘን ቤት መሆኑ ትዝ ብሎት አጎነበሰ። «ሐሙስ ቦዩ ዳር ዓሣ ሳጠምድ ነበር። ብቻዬን።»

«ይህን የአባታችሁን ማነጣጠሪያ መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት?»

«አባባ ከሞተ ወዲህ ኔቪል እኔ ባለሁበት ከመሳቢያ አውጥቶት አያውቅም። ዓይኔን አሳርፌበት አላውቅም። ያ ቀዳዳ ጣሳ ግቢያችን አጥር ላይ... ታስታውሺያለሽ ብሬንዳ? አባባ አተኳኮስ ያስተማረን?»

«አንተን ነው ያስተማረህ። እኔ ጣሳ አንሺ ነበርኩ።»

ሰኞ ዕለት ሳጅን ባጅዋ ሦስቱንም ከብሬንዳ ጋር ወጥ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ። ማነጣጠሪያው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«አንድ ነገር እንድታደርጉልኝ እፈልጋለሁ» አለች። «በዚህ አሻግራችሁ ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ ያለውን፣ የነፋስ አቅጣጫ የሚያሳየውን የብረት ዶሮ ተመልከቱና የሚታያችሁን ንገሩኝ። ቀለበቷን ግን አትንኩ።»

ግሌኒስ ገና ዓይኗ ላይ ሳታደርሰው ጣቶቿ ቀለበቷ ላይ አረፉ። «አትንኩ» አለች ሳጅኗ። «ልማድ ሆኖብኝ ነው! ጉም ብቻ ነው የሚታየኝ» አለች ግሌኒስ።

የዴስመንድም ጣት ወደ ቀለበቷ ሄዶ ተመለሰ። «ይሄ ለኔ ዓይን አልተሠራም። ለኔቪልም አልተሠራም፤ ጭራሽ ወደ ሌላ ጎን፣ ቅርቡን ለማያይ ሰው ነው የዞረው።»

ራልፍ ማነጣጠሪያውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ወደ መስኮቱ ዞሮ ዓይኑ ላይ ደገነው። ጣቱ ወዴትም አልሄደም። ትከሻው ቀስ በቀስ ረገበ።

«ምን ይታያል?»

«የዶሮው ጭራ ላይ ያለችው ዝገት ሳትቀር» አለ፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር።

ብሬንዳ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

«ኔቪል ሐሙስ ጠዋት የድመት ጢም አይቶበታል» አለች ሳጅን ባጅዋ። «ስለዚህ ያኔ ለእሱ ዓይን የተስተካከለ ነበር። የእሱና የእኔ ዓይን አንድ ዓይነት ነው፤ መነጽሬን አውልቄ ሳየው ጥርት ማለት ነበረበት። ጉም ሆነብኝ። ከእሱ በኋላ ሌላ ሰው ቀለበቷን አዙሯል። ብሬንዳ አይደለችም፤ ከፀጉር ሠሪ ስትመለስ ቀጥታ ሬሳው ላይ ነው የደረሰችው። የጣት አሻራ አስመረመርን፤ የኔቪል እንኳ አልተገኘም። ያ ሰው በጨርቁ ወልውሎታል። ቀለበቷን መመለስ ግን ረሳ፤ ለእሱ ትክክል ነበረቻ።»

«ማንም ሊሆን ይችላል» አለ ዴስመንድ ቀስ ብሎ።

«እርስዎና ወይዘሮ ሎው ጉም ነው ያያችሁት። መነጽር የማያደርግ፣ ቅርቡን ለማንበብ ክንዱን የሚዘረጋ፣ ዓይኔን አሳርፌበት አላውቅም ያለኝ ሰው ግን ዝገት አየ።»

ከዚያ ወደ ብሬንዳ ዞረች። «ሻንጣው አልጋዎ ላይ ነበር፤ አቧራውም ተጠርጓል። ባለቤትዎ ሻንጣውን በሰላም አውርዶ፣ ጠርጎ፣ ጨርሶ ነበር። የወደቀው ከመሰላል አይደለም። ከደረጃው ጫፍ ተገፍቶ ነው። ሻንጣዎ ማንንም አልገደለም።»

ራልፍ አሁንም ማነጣጠሪያውን ከዓይኑ አላነሳም።

«ለእኔ ነበር የሚገባው» አለ። «ልጁ እኔ ነኝ።»

«አባባ ሲታመም አልመጣህም» አለች ብሬንዳ። «ገላውን ያጠበው ኔቪል ነው።»

«እሱም ይህንኑ አለኝ፤ የአቧራ ጨርቁን እንደያዘ። አትሽጠው ብዬ ለመንኩት። ዕቃ እኮ ነው ራልፍ፣ ብሬንዳ ባሕር ማየት ትፈልጋለች አለኝ። ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም።»

«ከዚያ ወጥ ቤት ገብተህ በዚህ አየህ» አለች ብሬንዳ።

«አንድ ጊዜ ብቻ። የልጅነት ግቢያችንን የማይ መስሎኝ ነበር። የሃጊት ሴትዮ የተሰጣ ልብስ ነው ያየሁት።»

ብሬንዳ ፊቷን ወደ እሱ አዞረች።

«ትተኸው ስትሄድ ይተነፍስ ነበር?»

ራልፍ ማነጣጠሪያውን ዝቅ አደረገ። «አላየሁም» አለ።

ፖሊሱ መጥቶ ክንዱን ያዘው። ግሌኒስ የታጠበ ሳህን መልሳ ታጥባለች። ብሬንዳ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም፤ ወንድሟ ሲወጣም አልሳመችውም።

በመኸር ፍርዱ አለቀ፤ ራልፍ እስር ቤት ገባ። ማነጣጠሪያው ከፍርድ ቤት ሲመለስ ዴስመንድ ደወለ። ድምፁ አፍሯል፤ ቢሆንም ደወለ። ጋዜጣ ላይ ከወጣ ወዲህ ሦስት ሰዎች ዋጋውን እጥፍ አድርገው እየጠየቁት ነው፤ ታሪክ ያለው ዕቃ ይወደዳል አላት። ብሬንዳ ስልኩን ዘጋችው። ማነጣጠሪያውን ለሳጅን ባጅዋ ልካ፣ እንደፈለገች እንድታደርገው ነገረቻት።

አሁን ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ታውቃለች። ሰውም ያውቃል። ሌሊት ትተኛለች። አንዳንድ ቀን አንድ የልጅነት ነገር ትዝ ይላታል፤ የድሮ ጎረቤት ስም፣ አባቷ ይዘፍነው የነበረ አንድ ስንኝ፣ ግማሹ ጠፍቶባት። ስልኩን ታነሳለች። ያን ስም የሚያውቁት ሁለት ወንዶች ነበሩ፤ አንዱ ሌላውን ገደለ። ደውላ የምትጠይቀው ሰው የለም።