ከሳፋው በላይ ያለው ቀዳዳ

«ቆይ ቆይ፣ እንደገና አንብቢልኝ። ሁለተኛውን ጉድጓድ ሲቀሙት ምን አደረገ?» አሉ አናጢው፣ ሦስት ሚስማር በከንፈራቸው እንደያዙ።

ሰባቱ ሕፃናት ረጅሙ አግዳሚ ላይ እግራቸውን እያወዛወዙ ሳቁ። አስተማሪያቸው ጭጭ ጣቷን መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ አሳርፋ ደገመችላቸው። ይስሐቅ ጉድጓድ ቆፈረ፤ እረኞች መጥተው ውኃው የኛ ነው አሉት። ትቶላቸው ሄደ። ሌላ ቆፈረ፤ በዚያኛውም ተጣሉት። ሦስተኛ ሲቆፍር ግን የተጣላው ሰው አልነበረም።

በትክክለኛ ስሟ የሚጠሯት ቤተሰቦቿ ብቻ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በቤተ ክርስቲያኑ የመዘምራን ፈተና ላይ፣ «አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ፤ ድምፅሽ ይቅርብን» ከተባለች ወዲህ ለሌላው ሁሉ ስሟ ጭጭ ሆኖ ቀረ። እንዲህ ያላት የመዘምራኑ መሪ ነው፤ ማይክ ከእጁ ስለማይለይ ማይኩ ይሉታል። የዚያን ቀን የለበሰውን ሸሚዝ ሳይቀር ታስታውሳለች።

መዝሙሩ ሲቀርባት ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃናት ማስተማር ጀመረች። ከአዳራሹ ጀርባ ያለውን ዕቃ ቤት፣ የሸረሪት ድሩን ጠርጋ ያሳመረችው እሷ ናት። ካማረ በኋላ መዘምራኑ ለኪቦርዳቸው ወሰዱት። በረንዳውን አጸዳች፤ ድምፅ ማጉያ ደረደሩበት። አሁን አናጢው ከተራረፈ ጣውላ ከሥራ ቤታቸው ጎን መጠለያ እየሠሩላቸው ነው፤ ቆርቆሮው ስለተመታ ትምህርቱ እዚያው ሥር ነው።

«አባባ፣ ይስሐቅ ግን ሞኝ ነው እንዴ? ሁልጊዜ ለቃቂው እሱ!» አለች ጭጭ።

«እኔም እንዳንቺ ነበር የምለው። የበደሉኝን ሰዎች ስም ልዘርዝርልሽ ብል ይመሽብናል።» ሚስማሮቹን መዳፋቸው ላይ ተፏቸው። «ቀጥይ እስቲ፣ አላለቀም።»

ቀጠለች። ቀድሞ ከአገራችን ውጣ ብለው ያባረሩት ሰዎች ራሳቸው እሱ ዘንድ መጡ። ይስሐቅም ጠልታችሁ ካባረራችሁኝ ለምን መጣችሁ አላቸው። ከዚያ ግብዣ አደረገላቸው፤ በሉ፣ ጠጡ።

«አየሽ፣ ይስሐቅ አልረሳም» አሉ አናጢው። «ፊት ለፊት ነገራቸው። ግን አበላቸው። እኔ መናገሩን እችልበታለሁ፤ ያቃተኝ ማብላቱ ነው።»

ዝናቡ ድንገት ወረደ። ጭጭ ቀና ብላ ወደ ዕቃ ቤቱ አየች። የዕቃ ቤቱ ጣሪያ በአንዱ ጥግ ቀዳዳ አለው። እሷ ከሥሩ ሰማያዊ ሳፋ ታስቀምጥ ነበር። ማይኩ ክፍሉን የተረከበ ዕለት «ይሄ ደግሞ ምን ኮተት ነው?» ብሎ ሳፋውን ወደ ውጭ ወረወረና ኪቦርዱን እዚያው ጥግ ላይ አቆመው። ቆማ እያየችው ነበር። ትንፍሽ አላለችም።

ብዙም ሳይቆይ ማይኩ ኪቦርዱን በጃኬቱ ጠቅልሎ እየሮጠ መጣ። ከጸጉሩ እስከ ጫማው ውኃ ነው። ከኋላው ሁለት ዘማሪዎች ሽቦ ታቅፈዋል።

«ጭጭ፣ በናትሽ! ጣሪያው ጉድ ሠራን። አዳራሹ ስብሰባ አለበት፤ ነገ ደግሞ መዘመር አለብን። ትንሽ ቦታ ስጪን።»

ትንሿ ልጅ የጭጭን ቀሚስ ጎተተች። «ይሄንንም ሊወስዱብን ነው?»

ጭጭ መጽሐፉን አጠፈች። እንቢ ማለት ትችላለች። ዝም ብላ ማስገባትም ትችላለች፤ እሱንማ ለምዳዋለች።

«ክፍሉንም በረንዳውንም ወስዳችሁብናል» አለች። «አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ ያልከኝም አንተ ነህ። አልረሳሁትም።»

የአናጢው መዶሻ አየር ላይ ቀረ። ማይኩ አንገቱን ደፋ።

«ልክ ነሽ… ይቅርታ።»

«አልጨረስኩም። ጣሪያው እንደሚያፈስ አውቅ ነበር። ሳፋው ለዚያ ነበር የተቀመጠው። ስትወረውረው እያየሁ ዝም አልኩህ። እኔም ይቅርታ።»

ማይኩ ቀና ብሎ አያት። ሊስቅ ይሁን ሊቆጣ ለራሱም የገባው አይመስልም።

«ኮተት ያልኩት እኮ እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ።

ጭጭ ወደ ሕፃናቱ ዞረች። «ጠጋ ጠጋ በሉላቸው። ኪቦርዱ እዚያ ደረቁ ጋ ይቀመጥ።» ከዚያ ወደ ዘማሪዎቹ፣ «ትምህርታችን ግን አላለቀም። እስኪያልቅ ቁጭ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ» አለች።

«እሺ፣ ጭ…» ማይኩ አፉ ላይ የመጣውን ዋጠው። «ቆይ፣ ስምሽ ማን ነበር?»

ነገረችው። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ በርትቶ ስለነበር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችለት።